ከዳማ ከሴው በፊት

ባለፈው ሚያዝያ ከዳባት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከአስፋልቱ ዳር ጥሎኝ ሄደ፤ ወደ መንደራችን የሚወስደውን አቀበት በእግሬ ወጣሁት። እማዬ ከአጥሩ ሥር አጎንብሳ ነበር። ቀና ብላ ስታየኝ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ፊቴን በሁለት መዳፎቿ ይዛ ግራና ቀኝ ሳመችኝ። ገና ቃል ሳንለዋወጥ ሽታው ደረሰኝ። ዳማ ከሴ ነበር።

እማዬ ይህን ቅጠል ከበራችን ግራ በኩል ሳታጣው ኖራለች። ምች የመታው የጎረቤት ሰው ሁሉ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው፤ ታሸዋለች፣ ታስሸትተዋለች፣ ግንባሩን ትቀባዋለች። ቀሚሷ ሲነካው ብቻ ግቢውን ያውደዋል። ለሌላ ሰው ደስ የሚል ሽታ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጊዜ ይመልሰኛል፤ ስድስተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት፣ እህቴ ጥሩወርቅ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከበየዳ ወደ እኛ ቤት ወደ መጣችበት ወራት።

ያን ጊዜ እጅግ ዓይን አፋር ነበርኩ። መምህራን ስም ሲጠሩ «አቤት» እንደማለት እጄን ብቻ አወጣ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የቆሎ ተማሪዎች ያስተምራሉ። በእኛ ግቢ ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ አይጠፋም፤ የዜማ፣ የንባብ፣ የአባባ ተግሣጽ። እኔ በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ያለ ድምፅ አደግሁ። «ይህቺ ልጅ ድርሻዋን ለተማሪዎቹ ሰጥታው ነው» ይሉ ነበር አባባ።

ከትምህርት ቤታችን የልጃገረዶች ክበብ የገባሁት ጓደኛዬ ባንቺ እጄን ጎትታኝ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቲቸር ሰናይት ልጃገረዶቹን ሰብስባ የጤና ትምህርት ታስተምረን ነበር። መጀመሪያ መስኮቱን ትዘጋለች፤ ወንዶቹ ጆሯቸውን ከመስኮቱ ላይ ስለሚለጥፉ። ከዚያ በሌላ ክፍል የማይነገረውን ሁሉ በግልጽ ትናገራለች። ስለ ወር አበባ ስትነግረን ከጨርቅ የተሰፋ መቀበያ ከቦርሳዋ አውጥታ ከጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሁላችንም ጠረጴዛውን ትተን ጣሪያውን አየን።

«ጣሪያው ላይ ምን አለ?» አለች።

«ምንም የለም ቲቸር» አለች ባንቺ፤ «እሱን እያጣራን ነው።»

ሳቁ ሲበርድ ሁላችንም ጨርቁን መዳሰስ ጀመርን። እንዴት እንደሚታጠብ፣ ለምን ከፀሐይ መሰጣት እንዳለበት፣ በእነዚያ ቀናት ከትምህርት ቤት መቅረት እንደሌለብን ነገረችን። ሌላ ቀን ነፍሰ ጡር ሴት የምትወስደውን ቀይ ክኒን አሳየችን። በደማችን ውስጥ ብረት አለ፤ ሲያንስ ሴቲቱ ትደክማለች፤ ክኒኑ የሚተካው ያንን ነው አለች። ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱን ሙሉ በደም ሥሬ ውስጥ ማረሻ እየታየኝ ነበር። ሰው ሲደክም ማረሻው ዶልዱሞ ነው ማለት ነው፣ ክኒኑ ይሞርደዋል ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ለብዙ ጊዜ በዚህ ማብራሪያ ረክቼ ኖርኩ።

ከሁዳዴ አጋማሽ በኋላ ቲቸር ሰናይት ድራማ እንደምንሠራ ነገረችን። ድራማው ስለ አልማዝ ነበር። አልማዝ ነፍሰ ጡር ናት፤ ትታመማለች፤ ሰው ሁሉ ሕመሙን ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት ነገሩ ገብቷት በወሳንሳ ታስወስዳታለች። ባንቺ አማቷን ሆነች። የአልማዝን ድርሻ ግን የሚወስድ ጠፋ፤ አልማዝ ትራስ ከሆዷ አስራ ከወሳንሳ ላይ ትተኛለች እንጂ አንድም ቃል የላትም።

«ፈንታዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ መታመም ትችያለሽ?» አለችኝ ቲቸር።

«ቲቸር፣ ለዝምታውስ ልምምድ አያስፈልጋትም» አለች ባንቺ።

እንዲህ ሆኜ አልማዝ ሆንኩ። ወሳንሳውን ራሳችን ሠራነው፤ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናና የተተረተረ የማዳበሪያ ጆንያ። ጆንያው ጀርባ ይቧጭራል። በልምምዱ ሁሉ ከዚያ ላይ ተኝቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የሌሎቹን ቃል እሰማለሁ። አባባ ተማሪዎቻቸው መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ እየሰሙ፣ እየደጋገሙ በቃል እንዲይዙ ያደርጋሉ። እኔም ሳላስበው የአማቷን፣ የባሏንና የጎረቤቷን ቃል ሁሉ ከነድምፁ ያዝኩት። ድራማውን በሆሳዕና ሰሞን በትምህርት ቤቱ ግቢ ስናሳይ እማማ ዘነቡ የተባሉ ጎረቤታችን «ወይኔ የመሪጌታ ልጅ! እውነት የታመመች ነው የምትመስል!» ብለው አለቀሱ። ተኝቼ ነበርና ምስጋናውን ለመቀበል እንኳ መነሣት አልቻልኩም።

እትዬ ጥሩ የመጣችው ልምምዱን እየሠራን ሳለ ነው። ባሏ በበቅሎ አምጥቷት፣ ለእርሻው ተመለሰ። በእኛ አገር ሴት ልጅ የበኩር ልጇን ከእናቷ ቤት ነው የምትወልደው። እናት በሕይወት እያለች ልጇ ሌላ ቦታ ከወለደች «እናቷ ደጅ አወጣቻት» ይባላል። እማዬ ይህን ቀን ከሠርጉ ማግሥት ጀምራ ስትጠብቀው ነበር። ለገንፎው የሚሆነውን ገብስ ለይታ አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ የአራሷን መደብ በአዲስ ጭቃ መርጋ አስጊጣዋለች።

የእኔ ሥራ ማታ ማታ የእህቴን እግር ማጠብ ሆነ። ገበቴውን አቀርባለሁ፣ ለብ ያለውን ውኃ አፈስሳለሁ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሬ እስከ ጣቶቿ አሻለሁ። ያን ጊዜ እግሯ ቀጭን ነበር፤ አጥንቱ ከእጄ ይገባ ነበር። ጾሙን አጥብቃ ትጾማለች። አባባ «የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ እኮ» ቢሏት «ለቀረው ጊዜ ብዬ አልፈታም» አለች። ጉንጯ ገባ፤ ያያት ሁሉ ያዝንላት ነበር።

ከዚያው ሰሞን ቲቸር ሰናይት እቤታችን መጣች። ከመደቡ ላይ ተቀመጠችና እህቴን «ክትትል ጀምረሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«በበየዳ አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር። ደህና ነሽ አሉኝ።»

«አንድ ጊዜማ አይበቃም። አሁንም መታየት አለብሽ። ደግሞ ከጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ቤት አለ፤ ቀኑ ሲቃረብ ገብተሽ ብትጠብቂ…»

እማዬ ፈገግ አለች። የእማዬን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ከቁጣዋ ይከብዳል።

«ልጄ ቲቸር፣ ስለመጣሽልን እግዜር ይስጥሽ። ግን እናት የሌላት ይመስል ከመንግሥት ቤት ትወልድ? የበየዳ ሰው ምን ይለኛል? እኔ እኮ አልሞትኩም።»

«እናታችን፣ እርስዎም አብረዋት መሆን ይችላሉ።»

«የእኔ ቤት እዚህ ነው» አለች እማዬ፤ ነገሩ በዚያ ተዘጋ። ቲቸር ስትወጣ ከበሩ አጠገብ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። «ፈንታዬ፣ እግር ብቻ ቢያብጥ ብዙ ጊዜ ከክብደቱ ነው። ፊትና እጅ ሲያብጥ፣ ራስ ምታት ሲጨመርበት ግን ሌላ ነው። ድራማውን ታውቂዋለሽ።» ራሴን ነቀነቅሁ። በልቤ ግን ድራማው የአልማዝ ነው፣ አልማዝ ደግሞ የሌለች ሴት ናት ብዬ ነበር።

ፋሲካ መጣ። እማዬ ያንን ሁሉ ጾም በአንድ ሳምንት ልትክሰው የቆረጠች ይመስል ነበር። እህቴን ዶሮውን፣ አይቡን፣ እርጎውን አበላቻት። የእህቴም ፊት በእርግጥ ሞላ። ዓይኗ ሥር ያለው ጎድጓዳ ጠፋ፣ ጉንጯ ድቡልቡል ሆነ። ማታ እግሯን ሳጥብ የቁርጭምጭሚቷን አጥንት ፈልጌ አጣሁት። አውራ ጣቴን ጫን ሳደርግ ሥጋው ጎደጎደ፤ ጣቴን ሳነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ቀስ እያለ ነው የሞላው። ጨዋታ መሰለኝና ደግሜ ተጫንኩት።

«ሊጥ መሰልኩሽ?» ብላ ሳቀች እህቴ።

ሌላ ማታ ቀለበቷን አውልቃ እጇን ልትታጠብ ፈልጋ ቀለበቱ እምቢ አለ። በሳሙና ሞከርን፣ በቅቤ ሞከርን። «ይሁን፣ ባሌ ሲሰማ ደስ ይለዋል» ብላ ተወችው። ከዚያ ራሷን ማመም ጀመራት። እማዬ «ምች ነው፤ ትናንት ከፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ ነበር» አለች። ዳማ ከሴውን ከበሩ ቀጥፋ በመዳፏ አሽታ ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ አንገቷን ቀባቻት። ቤቱ በቅጠሉ ሽታ ተሞላ። በማግሥቱም ቀባቻት። በሦስተኛው ቀን እህቴ «ተሽሎኛል» አለች፤ ዓይኗን ግን ከብርሃን ታሸሽ ነበር።

እኔን ፍርሃት የገባኝ ያኔ ነው። ግን የፈራሁት የተሳሳተ ነገር ነበር። አልማዝ ሆኜ ከወሳንሳው ስለተኛሁ ሕመሙ ከድራማው ወጥቶ ወደ ቤታችን የተከተለኝ መሰለኝ። ከተናገርኩ ደግሞ የሚብስ መሰለኝ። አባባ ከበሩ ላይ ብቻቸውን ሲያነቡ አግኝቼ እንደምንም ድምፅ አወጣሁ።

«አባባ፣ ሰው ሳይታመም እንደታመመ ሆኖ ቢተኛ ኃጢአት ነው?»

መጽሐፋቸውን ሳይዘጉ አዩኝ። «ከትምህርት ቤት ለመቅረት ከሆነ፣ አዎ።»

እኔም ገበቴውን ይዤ ውኃ ልቀዳ ሄድኩ።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። በዚያ ቀን የሰፈራችን ሴቶች ከቤት ውጭ ነው የሚውሉት። ከቤታችን በላይ ካለው ትልቅ ወይራ ሥር ምድጃ ይጎለታል፣ ንፍሮው ከዚያው ይቀቀላል፣ ዳቦው ከዚያው ይቆረሳል። ወንዶቹ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም ነበር። እህቴ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ አስራ ከበርኖስ ላይ ተቀመጠች።

«እሰይ! እሰይ ጥሩዬ!» አሉ እማማ ዘነቡ። «በሆሳዕና ሳያት አንጀቴን በልታኝ ነበር። ፋሲካው ሞላባት እኮ!»

«የእናት እጅ ነዋ!» አለች ሌላዋ።

እማዬ ደስታዋን ለመደበቅ ንፍሮውን አማሰለች። «ማርያም በሽልም ታውጣት በሉ እንጂ፣ እንዲህ አትዩብኝ።»

እማማ ዘነቡ ንፍሮ በሳህን አድርገው ዘረጉላት። እህቴ እጇን ሰደደች፤ ግን ከሳህኑ አጠገብ ባዶ አየር ጨበጠች። ደግማ ሰደደች፤ አሁንም ሳተችው።

«እማማ፣ ዛሬ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ነው የምትታዩኝ» አለች እየሳቀች።

«ኧረ ከአንዷስ መች ተገላገልሽ!» አሉ ሌላዋ አሮጊት፤ ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ።

እኔ አልሳቅሁም። ከወሳንሳው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ የሰማሁት ቃል ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፊቴ ቆመ። ራስ ምታቱ፣ ፊቱ፣ ቀለበቱ፣ አሁን ደግሞ ዓይኗ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። የራሴ ቃል ግን አልነበረኝም። ከአፌ የወጣው የአልማዝ ጎረቤት ቃል ነበር፤ ከነድምፁ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ይህ ጥጋብ አይደለም! ፊቷ አብጧል፣ እጇ አብጧል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ብዥ ብሏል! ወሳንሳ አምጡ!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከዚያ እማማ ዘነቡ እልል አሉ።

«ዛሬስ ፈንታዬ አፍ አወጣች! ድራማውን ልትሠራልን ነው!»

«ቀጥዪ፣ ቀጥዪ! አማቲቱስ ምን አለች?»

ደነገጥኩ። ስደነግጥ የባንቺ ቃል ተከትሎ ወጣ፤ «እኔ ሰባት ስወልድ ማን ወሳንሳ አመጣልኝ?» አልኩ በወፍራም ድምፅ። ጭብጨባው ቀለጠ። ባንቺ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ እሷ ብቻ አላጨበጨበችም። እኔን አየችኝ፣ እህቴን አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች።

የድራማው ቃል አለቀብኝ። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ መሆን ነበረበት። ሄጄ፣ ማታ ማታ እንደማደርገው፣ ከእህቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ። ቀሚሷን ከፍ አድርጌ ከቅልጥሟ ላይ በአውራ ጣቴ ተጫንኩና አነሣሁ። ጉድጓዱ ቀረ።

«እማዬ፣ ነይና እይው» አልኩ። «ድራማ አይደለም።»

ሳቁ ቆመ። እማዬ ማማሰያውን እንደያዘች መጣች። ጉድጓዱን አየች። ጎንበስ ብላ በራሷ ጣት ከሌላው እግር ላይ ተጫነች፤ እዚያም ቀረ። የእህቴን እጅ አንሥታ ቀለበቱን ልታዞረው ሞከረች። ከዚያ አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃኑ መለሰችው፤ ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየችው ሆና ረጅም ጊዜ አየችው።

«ራስሽን አሁንም ያምሻል?»

«ከትናንት ብሷል።»

«ተሽሎኛል ብለሽኝ አልነበር?»

«ቅጠሉን ስታሺ ስትደክሚ አይቼ… እንዳታዝኚ ብዬ ነው እማዬ።»

እማዬ ቀና አለች። ሁሉም የሚጠብቀው ወደ ቤት፣ ወደተመረገው መደብ እንድታስገባት ነበር። እሷ ግን «ማነሽ ባንቺ፣ ያ ወሳንሳችሁ የት ነው?» አለች።

«ከትምህርት ቤት፣ እትዬ አለሚቱ።»

«ሩጪ። ለቲቸራችሁም ንገሪያት።»

ባንቺ በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ሮጣ አታውቅም። ቲቸር ሰናይት ስልክ ደውላ አምቡላንሱ ከአስፋልቱ ድረስ እንደሚመጣ፣ እስከዚያ ተሸክመን ማውረድ እንዳለብን ላከችብን። ወሳንሳው ሲደርስ ወንዶቹም ከቤተ ክርስቲያን እየወረዱ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነገሩ ሲነገራቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«መሪጌታ፣ ሸክሙስ አይከብድም ነበር። ግን በልደታ ቀን…»

አባባ ወሳንሳውን ቀድመው ከአንድ ጫፍ ያዙ። «እመቤታችን በተወለደችበት ቀን ወላድ መሸከም ሥራ አይደለም፤ ማኅሌት ነው። በሉ ያዙ!»

ሽማግሌውም ያዙ።

እማዬ ጠፍታ ነበር። ነጠላዋን ልታመጣ የገባች መሰለን። ስትወጣ ግን ትልቁን ድስት አዝላለች። በላዩ የገብሱ ዱቄት በከረጢት፣ ቅቤው በቅል፣ ማማሰያው ከመቀነቷ ሥር ተሰክቷል።

«አንቺ አለሚቱ፣ ድስቱ ለምንሽ ነው?» አሉ እማማ ዘነቡ።

«ልጄ ከእናቷ ቤት ትወልዳለች ብዬ የለ? ቤቴን ይዤ እየሄድኩ ነዋ» አለችና ቁልቁለቱን ቀደመችን።

እኔ ከወሳንሳው ጎን የእህቴን እጅ ይዤ ወረድኩ። ቲቸር እንዳለችው በግራ ጎኗ አስተኝተናታል። ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ገለጠችው።

«ይሄ ጆንያ እንዴት ይቧጭራል! አንቺ እንዴት ቻልሽው?»

«ዝም ብዬ» አልኳት።

ሳቀች። ያንን ሳቅ እስከ አስፋልቱ ድረስ እንደ ዕንቁላል በጥንቃቄ ይዤው ሄድኩ።

ከጤና ጣቢያው አዋላጇ ከክንዷ ላይ ጨርቅ ጠቅልላ ነፋችና መርፌውን አየች። ፈታችው፤ ጠቅልላ ደግማ ለካች። ፊቷን አልለወጠችም፤ እርምጃዋ ግን ፈጠነ። መርፌ ወጋቻት፤ ወደ ሆስፒታል ወዲያው እንደምትሄድ ለአባባ ነገረቻቸው። «የደም ግፊት ነው። ቢቆይ ኖሮ ያንቀጠቅጣት ነበር። በጊዜው አመጣችኋት» አለች፤ ቀጥላም «ማን ነው ያወቀ?» ብላ ጠየቀች።

እማዬ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። ከአባባ ጋቢ ኋላ ተደበቅሁ፤ አባባ ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው ገለጡኝ።

አምቡላንሱ ሲሄድ በመስኮቱ የታየኝ እማዬ ከነድስቷ ነበረች፤ ድስቱን እንደ ሕፃን ከጭኗ ላይ አቅፋዋለች።

የዚያን ጊዜውን ጥበቃ በድምፁ መጥፋት አስታውሰዋለሁ፤ ግቢያችን ጸጥ ብሎ ነበር። አባባ ተማሪዎቹን አሰናብተው በበሩ ላይ ተቀምጠው በለሆሳስ ይጸልያሉ። እኔ ገበቴውን አጥቤ ከፀሐይ አሰጣለሁ፣ ተመልሼ አጥበዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ቲቸር ሰናይት አቀበቱን እየሮጠች ስትወጣ ታየችን። መሮጧን ሳይ ክፉ ወሬ መሰለኝ፤ ደግሞ እጇን ስታውለበልብ አየሁ።

«ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!»

አባባ ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ ደግመው ተነሡ። «እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉ፤ ደግመውም ያንኑ አሉ። የሊቅ ቃል ሲያልቅ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ልንጠይቃት ስንሄድ እማዬ ከሆስፒታሉ ግቢ ለወላዶች በተሠራችው ማጀት ውስጥ ድስቷን ጥዳ ገንፎ ታገነፋ ነበር። ጠያቂ ያልደረሰላቸው እናቶች ዙሪያዋን ተቀምጠዋል። አንዷን «ብዪ እንጂ ልጄ፣ ከእናትሽ ቤት ነሽ» ትላታለች። እህቴ ፊቷ እንደገና ቀጥኖ፣ ዓይኗ ጠርቶ፣ ትንሽዬ ልጇን አቅፋ ነበር። ቀለበቱን ከጣቷ አውልቃ አሳየችኝ፤ መልሳም አጠለቀችው።

የበየዳ ዘመዶች አራሷን ሊጠይቁ የመጡት ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ነው። የእህቴ አማት ከመደቡ ተቀምጠው፣ ገንፎውን ቀምሰው፣ ሕፃኗን መርቀው ሲያበቁ የተፈራው ጥያቄ መጣ።

«ለመሆኑ ከወዴት ተገላገለች?»

አባባ ወደ መጽሐፋቸው አዩ። እኔ ወደ እግሬ አየሁ። እማዬ ግን ገንፎውን እየጨመረችላቸው፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣

«ከእናቷ ቤት» አለች። «እናቷ ሆስፒታል ነበረች።»

አማቲቱ አንድ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። «እንዲህ ያለችውን እናት ለእኔም ልጆች ይስጥልኝ!»

አባባ ተማሪዎቻቸው ሲመለሱ በሰው ፊት ጠሩኝ። «እስቲ ያን የድራማ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በይልኝ።» አልኩት፤ የአማቷን በአማቷ ድምፅ፣ የባሏን በባሏ ድምፅ። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ሲያልቅ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ? ይህቺ ተኝታ የያዘችውን እናንተ ተቀምጣችሁ አቃታችሁ።» በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ምስጋና የት እንዳገኘሁ እንጃ።

ባንቺ «አውራ ጣት» የሚል ስም አወጣችልኝ። ስሙ በሰፈሩ ጸና። ከገበያ የምትመለስ ነፍሰ ጡር ሳትቀር ከመንገድ ላይ ቆማ «ነይ እስቲ አውራ ጣት፣ ጫን አድርጊልኝ» ትለኝ ነበር። በክረምቱ መግቢያ ቲቸር ሰናይት ድራማውን ደግማ ስታሠራ አልማዝን ለሌላ ልጅ ሰጥታ ለእኔ የጎረቤቷን ድርሻ ሰጠችኝ። ተናገርኩት። ያን ጊዜ ቆሜ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ ባለፈው ሚያዝያ፣ ሻንጣዬን ከመደቡ ላይ አስቀምጬ ገና ውኃ ሳልጠጣ፣ አንዲት ወጣት ጎረቤታችን ከበሩ ላይ ቆመች። ሆዷ ገፍቷል፤ ግንባሯን በሻሽ አስራለች።

«እማማ አለሚቱ፣ ምች ሳይመታኝ አልቀረም። ከዳማ ከሴዎ ትንሽ ቢሰጡኝ?»

እማዬ ከእኔ ተለይታ ወደ በሩ ሄደች። ቅጠሉ ከእጇ አጠገብ ነበር፤ አልቀጠፈችውም። የልጅቷን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃኑ መለሰች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ከዚያ እንደምንም ጎንበስ ብላ ከቅልጥሟ ላይ በአውራ ጣቷ ተጫነች።

«ምንም የለም እኮ፣ ራሴን ብቻ ነው» አለች ልጅቷ።

«ይሁን። ነፍሰ ጡር ራሷን ሲያማት ከዚህ ቤት ቅጠል የምታገኘው ግፊቷን ተለክታ ስትመለስ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው።»

«ብቻዬን እንዴት ልሂድ?»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። የመንገዱ አቧራ ገና ከጫማዬ አልረገፈም ነበር።

«ፈንታዬ፣ ተነሺ፣ አድርሻት። እኔ ድስቱን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።»